ለስደተኛ በቋንቋው ሬድዮ የሚከፍትለት ማነው? (እስከ 33ኛው ምላሽ የተባለው)

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ ያላችሁትም የሄዳችሁትም። ይሄን ፖስት ከለጠፍኩት ወዲህ ምላሹ 33 ደርሷል፣ ግማሹ ስለ ሬድዮ አይደለም፣ አዲስ የሚገባው ሰው ደግሞ ከላይ ሳያነብ ከታች ገብቶ መሳደብ ሆኗል ሥራው። ስለዚህ የተባለውን በየቁጥሩ እኔው ላውራችሁ፣ የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም፣ የዘለልኩት ካለ ደግሞ ሆን ብዬ ነው።

መነሻዬ ይሄ ነበር። አውስትራሊያ ኤስ ቢ ኤስ የሚባል የመንግሥት ጣቢያ አለ፣ ከ60 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ያወራል፣ አማርኛም ትግርኛም አለበት። ሰው ይሄን ሲሰማ ፈረንጅ እንዴት ደግ ነው ይላል። እኔ ደግነት አይደለም ነው ያልኩት። ታሪኩን ብታዩት እኤአ ጁን 1975 ሲድኒ ላይ 2ኢኤ፣ ሜልቦርን ላይ 3ኢኤ የሚባሉ ሁለት ጣቢያዎች ተከፈቱ፣ አንዱ በ7 ሌላው በ8 ቋንቋ፣ በቀን 4 ሰዓት ብቻ፣ ያውም ለሦስት ወር ሙከራ ተብለው። ለምን በዛ ወር? ጁላይ 1 ላይ ሜዲባንክ የሚባል የሕዝብ የጤና መድህን ሊጀምር ስለነበር ነዋ። ፋብሪካ የሚውለው ግሪክ፣ ጣሊያን፣ ቱርክ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ አያነብም፣ ካልተነገረው አይመዘገብም። መንግሥት የሚነግረው ጉዳይ ነበረውና ጣቢያውን ከፈተ። ለሦስት ወር የተባለው ነገር ይኸው 50 ዓመት አለፈው። ጥያቄዬ፣ በስደተኛ ቋንቋ የሚያወራ ሬድዮ ሁሉ እንዲህ ነው ወይ የተወለደው? የሚነግረው ጉዳይ ያለው ሰው ያጣ ስደተኛስ ምን ይሆናል?

1ኛው ምላሽ እንደተለመደው ሼር አድርጌዋለሁ የሚል ነው። 2ኛው ላይ አንድ ልጅ 1975ን በኛ አቆጣጠር ወስዶት ደርግን፣ መሠረተ ትምህርትን ምናምን እያነሳ ነገሩን ወደ ሌላ ወሰደው። 3ኛው ላይ ሆጤ አካባቢ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር (ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ብዙዎቻችሁን አስተምረዋል) በትህትና አረሙት፣ እኤአ የሚለውን እንዲያይ ነግረው በኛ ሰኔ 1967 መሆኑን አስረዱት። የመሬት አዋጁ በየካቲት ወጥቶ አገሩ ሁሉ እሱን የሚያወራበት ጊዜ ነው፣ ጃንሆይም ያረፉት በነሐሴው ነው። ልጁ አመስግኖ ላይክ አደረገላቸው። እዚህ ድረስ ሰላም ነበርን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ዓ.ም ካላልኩ በቀር እኤአ ናቸው።)

4ኛው የኮምቦልቻ ልጅ ነው፣ ዋሽንግተን ብዙ ዓመቱ፣ አልተስማማም። ስደተኛው መንግሥትን አልጠበቀም፣ ቀድሞ ራሱ ከፍቷል ባይ ነው። ኒውዮርክ ላይ ደብሊው ኢ ቪ ዲ የሚባለውን ጣቢያ እኤአ በ1927 ያቋቋሙት ሶሻሊስቶች ናቸው፣ ስሙም ዩጂን ቪክተር ዴብስ ከሚለው ከመሪያቸው ስም የመጀመሪያ ፊደላት የመጣ ነው፣ በ1932 በዪዲሽ የሚታተመው ፎርቨርትስ ጋዜጣ ተረከበውና አይሁዱም ሌላውም መጤ በየቋንቋው ሲያወራበት ኖረ። ከዛ ወደ ራሱ ከተማ መጣ፣ እኔን የጣመኝ ይሄ ነው። ደብሊው ዩ ኤስ ቲ፣ 1120 ኤኤም፣ ስሙን የወሰደው ከዩ ስትሪት ነው፣ የጥቁሮች ሙዚቃ የሚደመጥበት ጣቢያ ነበር፣ ኋላ ግን ሰዓቱን እየቆራረጠ ለየማኅበረሰቡ የሚሸጥ ሆነ፣ የኛም ሰዎች ሰዓት እየገዙ በአማርኛ ሠርተውበታል። የድሮው የጣቢያው የሙዚቃ አዳራሽ ከ1996 ጀምሮ ናይን ሰርቲ ክለብ የሚባለው ታዋቂ የኮንሰርት ቤት ነው፣ ዩ ስትሪት ራሱ ደግሞ የሐበሻ ምግብ ቤት የተደረደረበት ሰፈር ሆነ። ሰዓት የሚገዛው ሰው ገንዘቡን ከየት ያመጣል ብላችሁ ካሰባችሁ፣ ከምግብ ቤት ምግብ ቤት እየዞረ ማስታወቂያ በመለመን ነው አለን። ፕሮግራሙ ሲጀምር መጀመሪያ ጠበቃ፣ ቀጥሎ ታክስ የሚሠራ፣ ቀጥሎ የትኬት ቢሮ፣ ከዛ በኋላ ነው ዜናው የሚመጣው፣ አድማጩ ደግሞ ባብዛኛው ታክሲ ውስጥ ያለው የኛ ሰው።

5ኛው እኔ ነኝ፣ ሶሻሊስቱም ጋዜጣውም ማስታወቂያ ያስነገረው ጠበቃም የሚናገሩት ስለነበራቸው ነው የተናገሩት፣ ስለዚህ ነጥቤን አጠናከርክልኝ እንጂ አላፈረስክም አልኩት። 6ኛው ላይ ራሱ ተመልሶ፣ ምንም ቢመጣ ወደራስህ ትጎትተዋለህ ብሎ ተቆጣ። በርግጥ ትንሽ እጎትታለሁ።

7ኛው ስለ ቶሮንቶው ቺን ሬድዮ የጻፈው ልጅ ግን ክርክሩን ሳይሆን ሰውየውን ነው ያወራው። ጆኒ ሎምባርዲ ይባላል፣ የጣሊያን ስደተኞች ልጅ፣ መለከት ነፊ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመለስ ጣሊያኖች ሰፈር ግሮሰሪ የከፈተ። ሬድዮ ላይ ሰዓት ይዞ የጣሊያንኛ ፕሮግራም ሲያቀርብ ቆይቶ በጁን 1966 የራሱን ጣቢያ ከፈተ፣ በዓመቱ ኤፍኤም ጨመረ፣ ከዛ ወዲህ ጣቢያው ከ30 በላይ ቋንቋ ይናገራል። ሰውየው በ2002 ሞቷል፣ ጣቢያው ግን ዛሬም አለ። ከተባለው ሁሉ ለኔ ደስ የሚለኝ ይሄ ሰውዬ ነው፣ ምክንያቱም አልደበቀም፣ ባለሱቅ ነበር፣ ደንበኛውን የሚያገኘው በቋንቋው ሲያወራው መሆኑን አወቀ፣ ቀጥሎ የፖርቱጋሉም የቻይናውም ነጋዴ እንደሱ ደንበኛ እንደሚፈልግ ገባው። ፒያሳ ላይ ቴፕ እስከጥግ ከፍቶ ጫማ የሚሸጠው ልጅ ትምህርት ቤት ሳይገባ ያወቀው ነገር ነው።

8ኛው ገብቶ የጀርመን ድምፅንና የአሜሪካ ድምፅን እንዴት ትረሳላችሁ፣ ስለ ስደተኛ ሬድዮ እየተወራ ቪኦኤ ሳይነሳ ብሎ ጮኸ። 9ኛው መልስ ሰጪ ጥሩ አድርጎ ግን በጣም ሻካራ አፍ ይዞ አስተካከለው። የዶይቸ ቬለ አማርኛ ከ1965፣ የቪኦኤ አማርኛ ከ1982 ጀምሮ ሲያወራ የኖረው ከነሱ አገር ወደኛ ነው፣ ያወሩትም እዚህ ላለነው ነው። እኛ የምናወራው ደግሞ እዛው አገር ውስጥ ለተቀመጠው መጤ ስለሚያወራው ነው። እውነቱን ነው፣ ግን ጆሮህን አስመርምር ማለት ምን ይሉታል፣ 8ኛው ከዛ ወዲህ አልተመለሰም።

10 እና 11 አንድ ሰው ናት፣ ሙጋድ አድጋ በርሊን የምትኖር። የጻፈችው ለኔ አዲስ ነበር። ምዕራብ ጀርመን በ1960ዎቹ ሠራተኛ ከጣሊያን፣ ከግሪክ፣ ከስፔን፣ ከቱርክ፣ ከዩጎዝላቪያ ስታስመጣ እንግዳ ሠራተኛ ነው ያለቻቸው፣ ሠርቶ የሚሄድ ማለት ነው። ከ1964 ጀምሮ የየክልሉ ሬድዮዎች በነዚህ ቋንቋዎች የማታ ፕሮግራም ጀመሩ፣ የኮሎኙ ጣቢያ የቱርክኛ ፕሮግራም ከነሱ አንዱ ነው። አንደኛው ምክንያት የአገር ቤት ናፍቆትን ማስታገስ ነበር፣ ሌላው ግን የምሥራቁ (የኮሚኒስቱ) ጎራ ጣቢያዎች እነዚህኑ ሠራተኞች በየቋንቋቸው ማነጋገር መጀመራቸው ነው፣ ምሥራቅ ጀርመን ራሷ በቱርክኛ ታሰራጭ ነበር። ማለትም አንተ ካላናገርከው ሌላው ያናግረዋል። ይሄን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ፣ ከጤና መድህን በላይ ግልጽ የሆነ ጉዳይ ነው። ቀጥላ በርሊን ላይ በ1994 ሬድዮ ሙልቲኩልቲ የሚባል ሙሉ ጣቢያ ተከፍቶ፣ ቀን በጀርመንኛ ማታ በየቋንቋው ሲሠራ ቆይቶ በ2008 መጨረሻ ገንዘብ የለም ተብሎ መዘጋቱን ነገረችን። የበርሊን ግድግዳ ፈርሶ፣ ሌላው የሚያናግራቸው ሲጠፋ ገንዘቡም አብሮ ጠፋ ትላለች። ይሄኛው የሷ ትርጉም ነው፣ ማስረጃ አላመጣችም፣ ግን እኔም ብሆን እንደሷ ነው የማስበው። 12ኛው ጣቢያው ሲዘጋ በጎ ፈቃደኞች ኢንተርኔት ላይ መቀጠላቸውን ጨመረ።

13ኛው ረጅሙ ነው፣ ስልክ ላይ አራት ጊዜ ወደ ታች ትገፉታላችሁ። ሜልቦርን የሚኖር የሰኞ ገበያ ልጅ ነው፣ በሱዳን በኩል የሄደ። እሱ የሚለው፣ በሩን መንግሥት ይክፈተው፣ ውስጡን የሚሞላው ግን ሕዝቡ ነው። ለጤና መድህን ተብሎ የተከፈተው ሬድዮ ላይ ሰው ልቅሶውን አወጀበት፣ ሠርጉን፣ የኳስ ውጤቱን፣ የዕድር ስብሰባውን። በዛ ላይ ሜልቦርን በ1989 የጀመረ 3ዜድ ዜድ ዜድ የሚባል ሌላ ጣቢያ አለ፣ የመንግሥት አይደለም፣ ማኅበረሰቦቹ አባል ሆነው በነጻ የሚሠሩበት ነው፣ እዛ ማንም ጉዳይ ኖሮት አላዘዛቸውም። እዚህ ላይ ለሱ ነጥብ ሰጥቻለሁ።

ከዛ ስለ ሰዓት ድልድል አወራ፣ ዋናው ነገር እዚህ ነው ያለው። ሰዓቱ ውስን ነው፣ ቋንቋው ብዙ ነው፣ ማን ስንት ያግኝ? ኤስ ቢ ኤስ ለ18 ዓመት ያህል ድልድሉን ሳይነካ ቆይቶ በ2013 አሻሻለው፣ ትግርኛ፣ ስዋሂሊ፣ ዲንካ፣ ፓሽቶ፣ ማላያላም፣ ህሞንግ ያኔ ነው የገቡት። የሚመዘነው በሕዝብ ቆጠራው ነው፣ ቆጠራው በየ5 ዓመቱ ቤት ውስጥ ምን ቋንቋ ትናገራላችሁ ብሎ ይጠይቃል። ብዛት ብቻ ግን አይደለም፣ እንግሊዝኛ የማይችለው ስንት ነው፣ ያረጀው ስንት ነው የሚለውም ይታያል። ቀድመው የገቡት አውሮፓውያን ልጆቻቸው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሲሆኑ ሰዓታቸው እየተቀነሰ ሄደ፣ ለአዲሱ መጤ ተሰጠ። ስለዚህ ቆጠራ ሲደርስ ማኅበራቱ ቅጹ ላይ ቋንቋችሁን ጻፉ እያሉ ይቀሰቅሳሉ፣ ወጣቱ ደግሞ ቤት ውስጥ ከልጆቹ ጋር የሚያወራው እንግሊዝኛ ስለሆነ እንግሊዝኛ ብሎ ይሞላል፣ እናቶች በዚህ ይናደዳሉ።

ሌላው የጻፈው የኮሮናው ነው። ጁላይ 2020 ላይ ፍሌሚንግተንና ኖርዝ ሜልቦርን ያሉ 9 የመንግሥት የኪራይ ቤት ፎቆች በአንድ ከሰዓት ተዘጉ፣ ወደ 3,000 ሰው፣ ከምሥራቅ አፍሪካ የሄደ የሞላበት። ፖሊስ ከሥር ቆሟል፣ ሰው ለምን እንደተዘጋበት በሚገባው ቋንቋ የነገረው የለም፣ የሰፈሩ ወጣቶች ናቸው ራሳቸው እየተረጎሙ በስልክ ያሰራጩት። የግዛቲቱ እንባ ጠባቂ በዛው ዓመት መጨረሻ አዘጋጉ ሰብአዊ መብትን የጣሰ እንደነበር በሪፖርቷ አውጥታለች። አክስቱ አንዱ ፎቅ ላይ ነበሩ፣ መድኃኒታቸው አልቆ ነበር። በ1975 ሳይጠየቅ በቋንቋው ሊነግር ሬድዮ የከፈተ አገር ከ45 ዓመት በኋላ ጭንቅ ሲመጣ መንገሩን ረሳው ነው የሚለው። ታዲያ ወዳጄ፣ ጉዳዩ የነሱ ሲሆን ይነግሩሃል፣ ጉዳዩ ያንተ ሲሆን አንተ ተርጉም ይሉሃል፣ እኔም ያልኩት እሱን ነበር።

14 ድረስ እንዲህ በጨዋ ደንብ መጥተን 15 ላይ አንዱ ትግርኛ የሚለውን ቃል ይዞ ለምን እነሱ፣ ለምን እኛ የሚል ጀመረ፣ በሁለት ምላሽ ውስጥ ሜልቦርን ቀርታ አገር ቤት ገባን። 16 እና 17ን አድሚን አጥፍቷቸዋል፣ ቁጥሩ ብቻ ነው የቀረው። 18 ላይ የበርሊኗ ልጅ ይሄ የኛ ብቻ በሽታ እንዳልሆነ ጻፈች፣ ሰርቢያኛ፣ ክሮኤሽኛ፣ ቦስኒያኛ ኤስ ቢ ኤስ ላይ ዛሬ ለየብቻ ናቸው፣ ተናጋሪዎቹ ግን ያለ አስተርጓሚ ይግባባሉ። 19 ላይ ጋሼ አንድ አየር ላይ በየቋንቋ መናገር የትም ሳንሄድ እዚሁ ያለ መሆኑን አስታወሱ፣ የክልሉ ሬድዮ ከአማርኛ ሌላ በኦሮምኛ፣ በአዊኛ፣ በኽምጣና ያወራል፣ ከሚሴ ወርዶ የጠየቀ ያውቀዋል።

20ኛው ላይ ነው ፖስቱ የተለወጠው። የኮምቦልቻ ልጅ ናት፣ ዱባይ ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች። ሬድዮ በቋንቋህ መኖሩ ምን እንደሆነ እኔ ልንገራችሁ ብላ ነው የገባችው። እዛ ታግ 91.1 የሚባል በፊሊፒኖች ቋንቋ የሚያወራ ጣቢያ አለ፣ ሂት 96.7 የሚባለው ደግሞ በማላያላም ነው፣ ህንድ ውስጥ ባሉት በኬረላ ሰዎች ቋንቋ፣ በህንድኛም አለ። አብራት የምትሠራው ፊሊፒኖ ኩሽና ውስጥ ቀኑን ሙሉ ታግን ትከፍታለች፣ ከዘፈኑ መሃል ብር መላኪያ የት እንደሚረክስ፣ አገሯ ምን ዓይነት አውሎ ነፋስ እንደመጣ፣ ኮንትራት ሲያልቅ ምን እንደሚደረግ ትሰማለች። የኛ ልጅ አማርኛ ሬድዮ ላይ ሰምታ አታውቅም፣ ግን የታጋሎግ ዘፈን ከዐረብኛው በፊት ሸመደደች። ስለ ደሞዟም ስለ መብቷም የምታውቀውን ሁሉ ያወቀችው ፊሊፒኖዋ እየተረጎመችላት ነው።

21ኛው ላይ አንድ ሰውዬ ድሮስ ማን ሂጂ አለሽ ዓይነት ነገር ጻፈ። በዚህ መድረክ ላይ ያየሁት ትልቁ ብልግና ነው፣ ስሙን አልጠራም ግን ቤቱ የተሠራው በማን ብር እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል። እሷ በ22 መለሰችለት፣ አጭር ነው፣ ከዛ ወዲያ አልተነፈሰም። 23 ላይ ጋሼም እንደ ተማሪያቸው ቆጠሩትና በአደባባይ ገሰጹት።

24ኛው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ ሒሳቡን አስቀመጠው። የዱባዮቹ ጣቢያዎች ማስታወቂያ የሚያስገባላቸው አድማጭ ስላላቸው ነው የቆሙት፣ ፊሊፒኖውና የኬረላው ሰው ነርስም ሒሳብ ሠራተኛም ባለሱቅም አለበት፣ መኪና ይነዳል፣ ይገዛል። ሰው ቤት የምትሠራ የሐራ ወይ የወረባቦ ልጅ ግን መኪና ውስጥ ሬድዮ የላትም፣ ገበያ አትወጣም፣ የሚሸጥላት ነጋዴ የለም። መንግሥቱም ሊያስመዘግባት የሚቸኩልበት መድህን የለውም፣ በቋንቋዋ ሊያታልላት የሚሞክር ተቀናቃኝ ጎራም የለበትም። 25 ላይ እኔ ምንም አልጨመርኩበትም፣ መነሻው ላይ የጠየቅኩትን መለሰልኝ።

ከዛ መፍትሔ መጣ። 26ኛው እዚሁ ደሴ ካሉት ኤፍኤሞች አንዱ በሳምንት አንድ ሰዓት ለሄዱት ይስጥ አለ። 27ኛው ሳቀበት፣ ኤፍኤም እኮ ሐረጎን ሲወርድ መንሿሿት የሚጀምር ነገር ነው፣ ቀይ ባሕርን እንዴት ይሻገራል። ጋሼ በ28 በአጭር ሞገድ ዘመን ይሻገር እንደነበር አነሱ፣ ብሥራተ ወንጌልን። በ1955 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ተከፍቶ፣ ማሠራጫው ጌጃ ሆኖ፣ በስዋሂሊ፣ በማላጋሲ፣ በፋርስ፣ በህንድኛ፣ በቻይንኛ ሳይቀር ያወራ ነበር፣ ደርግ በመጋቢት 1969 ዓ.ም ወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ እስኪያደርገው ድረስ። ከኛ አገር ተነስቶ ሌላውን በቋንቋው ያናገረ ጣቢያ ነበረን ማለት ነው፣ ባለቤቶቹ የሉተራን ቤተ ክርስቲያኖች ቢሆኑም። እነሱም የሚነግሩት ነበራቸው፣ በ29 ይሄን ብዬ ጋሼን ትንሽ አስቀየምኳቸው መሰለኝ።

30 የድሮ ፊሊፕስ ሬድዮ አለኝ የሚገዛ ካለ ይላል። 31 ዋጋ ይጠይቃል። ሻጩ ከዛው ጋር ቴሌቪዥንም አለኝ ብሏል፣ በቃ ገበያ ሆንን።

32ኛው ላይ የኮምቦልቻዋ ልጅ ተመልሳ የሜልቦርኑን ልጅ ጠየቀችው፣ የእህቷ ልጅ ጅዳ ናት፣ ያንተን አገር አማርኛ ፕሮግራም እዛ ሆና መስማት ትችላለች ወይ ብላ። 33 ላይ መለሰላት። በስልክ ይሰማል፣ ፖድካስት ነው፣ ዋይፋይ ስታገኝ አውርዳ ማታ መስማት ትችላለች፣ ክፍያ የለውም፣ ስልኳን ካልያዙባት። ግን ሐቁን ነገራት፣ የሚወራው የአውስትራሊያ የቤት ኪራይ፣ የጡረታ፣ የምርጫ ነገር ነው፣ ጅዳ ላለች ልጅ ወር ሙሉ ደሞዝ ሲከለክሏት ማን ጋ እንደምትደውል አይነግራትም። እሱን በአማርኛ በድምፅ የሚያዘጋጅ ቻናል የሚያውቅ ሰው ካለ 34 ላይ ሊንኩን ይጣል፣ አድሚንን ከላይ እንዲሰቅለው አናግሬዋለሁ። ስለ ቴሌቪዥኑ ግን በውስጥ መስመር ተነጋገሩ፣ እዚህ እንዳላየው።